መቱ ላይ መስመር የነካች ኳስ

መቱ ሄጄ መጣሁ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ማር አመጣሽ?» ብሎ ነው። አምጥቻለሁ። ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ክዳኑን ግን እስካሁን አልከፈትኩትም። ልጄ «እማዬ፣ ማር ለማየት ነው እንዴ የሚገዛው?» ትለኛለች። አልተገዛም፤ ተሰጥቶኝ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ለምን እንዳልከፈትኩት ለእሷም ለእናንተም አንድ ጊዜ ተናግሬ ልገላገል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ኢሉባቦርን ለማየት ዕድሉ ለማይገጥማችሁ ደግሞ መንገዱንና የሰዉን ደግነት አብሬ እነግራችኋለሁ። ደግነቱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ አንገቴን ያስደፋኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ እኔ ማን ነኝ? ጥሩነሽ እባላለሁ፤ አዲስ አበባ አንድ የቴኒስ ክለብ በር አጠገብ ጁስ ቤት አለኝ። ቴኒስ ስል የሜዳውን ነው፣ በራኬት ከመረብ በላይ የሚመታውን። የክለቡ ልጆች ከልምምድ ሲወጡ እኔ ጋ አቮካዶ ይጠጣሉ። ድሮ ስለ ጨዋታው ምንም አላውቅም ነበር፤ ልጆቹ ሲያወሩ እየሰማሁ፣ ከዚያም አጥሩ ስር ቆሜ እያየሁ የለየልኝ ቲፎዞ ሆንኩ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና «ሰው በዚህ ዕድሜው ኳስ ያሳድዳል?» ይለኝ ነበር። እኔ ግን የማሳድደው ኤልሻዳይን ነው። ኤልሹ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስትመታ ድምፁ ጁስ ቤቴ ድረስ ይሰማል። አገራችን በዚህ ጨዋታ ስሟ የሚጠራው በእነዚህ ልጆች ነው ብለን የምናምን ጥቂት ሰዎች አለን፤ ውድድር ባለበት ሁሉ እንከተላቸዋለን። ዘንድሮ የወጣቶቹ ውድድር መቱ ነው ሲባል ሁላችንም «እንሄዳለን» አልን። ቀኑ ሲደርስ አንዱን እግሩን አመመው፣ አንዷ ሰርግ አለብኝ አለች፤ የቀረነው እኔና ጋሼ ደምሴ ነን። ጋሼ ደምሴ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ስለ ቴኒስ ብዙም አያውቁም፣ ጭብጨባ ግን ይችሉበታል።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። ኤልሹና አሰልጣኟ በክለቡ መኪና ቀድመው ሄደዋል። እኔና ጋሼ ደምሴ በአውቶቡስ ነን፤ እሳቸው መስኮት ዳር ተቀምጠው እስከ ጊቤ ድረስ ሾፌሩን ሲያርሙት ዋሉ። «ማርሽ ቀንስ እንጂ፣ ፍሬኑን አታቃጥለው» ይላሉ ለራሳቸው፤ ሾፌሩ አይሰማቸውም፣ እኔ ግን እሰማለሁ። ወልቂጤ ቁርስ፣ ጅማ ምሳ በላን። ጅማ ላይ የሙያ ነገር ሆኖብኝ አቮካዶ ጁስ አዘዝኩ። ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ውሃ በምጨምርበት ቦታ እነሱ አቮካዶ ነው የሚጨምሩት። ለሰፈሬ ልጆች ምን ሳጠጣ እንደኖርኩ አስቤ ቅር አለኝ። ይህች የጉዞው የመጀመሪያ ሀፍረት ነበረች፤ ቀላሏ።

በደሌ አደርን። አልጋው ጥሩ ነው፣ ሻወሩ ግን ለጌጥ ነው። የአልጋ ቤቷ ልጅ ሳልጠይቃት በባልዲ ውሃ አሙቃ በሬ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኛ ጋ ቢሆን «ውሃ የለም» ተብዬ በሩ ይዘጋብኝ ነበር።

ማክሰኞ ከበደሌ ወዲያ አገሩ መልኩን ለወጠ። ዛፉ መንገዱን ከላይ ያለብሰዋል፤ ከዛፉ ስር ያለው ሁሉ ቡና ነው። እኔ ቡናን የማውቀው በኪሎ ተመዝኖ ነው፤ እዚያ ማንም ሳይተክለው በዱር በቅሎ አየሁት። ጋሼ ደምሴ ግን ጫካውንም አላዩም፤ ጆሯቸው ከአውቶቡሱ ሆድ ጋር ነበር። «ይሄ ባሊስትራ እየተነጋገረ ነው» አሉ፤ አካሉን ከጎማው በላይ የሚሸከመውን ብረት ማለታቸው ነው። ያዮ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ባሊስትራው ተሰበረና አውቶቡሱ ወደ አንድ ጎኑ ተጋደመ። ማንም አልተጎዳም። ጋሼ ደምሴ ደስ እንዳላቸው ያስታውቅ ነበር፤ ኮታቸውን ለእኔ ሰጥተው ከአውቶቡሱ ስር ገቡ። ሲወጡ ሸሚዛቸው ከግሪስ በቀር ሌላ ቀለም አልነበረውም። «ዛሬ አይሄድም» ብለው ፈረዱ፤ ሾፌሩም ያንኑ አለ።

መንገድ ዳር ተሰብስበን ስንቀመጥ ሳሙናና ስኳር የጫነ አይሱዙ አጠገባችን ቆመ። የሚነዱት ጋሼ ከድር የሚባሉ ሰው ነበሩ። አባታቸው ከስልጤ አገር መጥተው መቱ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸውም ሱቁን ወርሰው እዚያው ኖረዋል። ከሁላችን ሽማግሌዎቹ እኛ ስለሆንን ጋቢናው ለእኛ ተሰጠ። ያዮ ላይ ቆም ብለው ከሚያውቁት ሰው ሙዝ ይዘው መጡ፤ ለሰውየው በኦሮምኛ፣ ለእኛ በአማርኛ፣ በስልክ ለወንድማቸው በስልጢኛ እያወሩ ነው የሚነዱት። ለቴኒስ ውድድር እንደመጣን ስንነግራቸው ፈገግ አሉ።

መቱ ስንገባ ሆቴሎቹ ሁሉ በስፖርተኞች ተይዘዋል። ጋሼ ከድር ሁለት ቦታ ጠይቀው ሲያጡ «ከዚህ በላይ ምን አደከማችሁ፣ ቤት አለ» አሉ። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። ባለቤታቸው ራህመት እንደምታውቀን ሁሉ ተቀበለችን፤ ጋሼ ደምሴ ሳሎን ተነጠፈላቸው፣ እኔ የልጃቸው ክፍል ገባሁ። ልጅቷ ትርፍ ፍራሽ ይዛ ወደ እናቷ ክፍል ሄደች። አዲስ አበባ የገዛ እህቴ እንኳ ሳትደውል ብትመጣብኝ ፊቴ ይጠቁራል፤ እውነቱን ልናገር።

እራት ቆጮ በጎመንና በአይብ ነበር። እጃችንን ያስታጠበችን ያችው ልጅ ናት፣ ሀያት። ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ሻሿን አጥብቃ ያሰረች። እኔ ደግሞ ከጠገብኩ ወሬ አላቆምም።

«ቴኒስ ታውቂያለሽ የኔ ልጅ?» አልኳት።

አባቷን አየችና «ትንሽ ትንሽ» አለች።

ትንሽ ትንሽ ከሆነስ ብዬ ማስተማር ጀመርኩ። ነጥብ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ጨዋታው የሚጀመርበት ምት፣ ሰርቭ፣ ምን እንደሆነ፣ ተመልካች ኳስ እየተመታ ማጨብጨብ እንደሌለበት ነገርኳት። ዋናውንም አልተውኩም። በትንንሽ ውድድሮች የመስመር ዳኛ የለም፤ በአንቺ በኩል ያረፈችውን ኳስ ገባች ወይም ወጣች የምትዪው አንቺ ራስሽ ነሽ፤ በደንብ ካላየሻት ለተጋጣሚሽ ትሰጫታለሽ። «እንደ እግር ኳስ መሰለሽ? እዚህ ጋ ሰው ስለ መስመር አይዋሽም» አልኩ፣ ጣቴን ቀስሬ። ሀያት ማስታጠቢያውን እንደያዘች አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ራህመት አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ነበር፤ ያዘነች መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሀያት ረዥም ሱሪዋን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ የራኬት ቦርሳዋን ይዛ ከጓዳ ወጣች። የመቱ ተወዳዳሪ እሷ ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሼ ከድር ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው «እትዬ፣ ትናንት ጥሩ አድርገው አስጠኑልኝ» አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን፣ እኔም ሳቅሁ። እዚያ ላይ ሀፍረቱ ገና ጨዋታ ነበር።

መንገድ ላይ ጋሼ ከድር ነገሩን አስረዱኝ። ሀያት የከተማው ኮሌጅ ውስጥ ባለው ሜዳ ከአንድ መምህር ነው የተማረችው። የራኬቷ እጀታ በብስክሌት ካላማዳሪ፣ ከጎማው ውስጥ በሚነፋው ላስቲክ፣ የተጠቀለለ ነው። ከዚህ ውድድር እስከ አራተኛ የሚወጡት ልጆች አዲስ አበባ ወደ ብሔራዊው የወጣቶች ማሰልጠኛ ይገባሉ። «ዘንድሮ ካለፈች አለፈች» አሉኝ፣ «ከርሞ ዕድሜዋ አይፈቅድላትም። ሱቅማ የትም አይሄድባትም፣ እሷ ግን ይህንን ነው የምትወድ»። የእኔዋ ኤልሹ ገና ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ይህን ልብ በሉልኝ።

ያን ቀን ሁለቱም አሸነፉ፤ ለሁለቱም አጨበጨብኩ። ማታ ቤት ስንገባ ራህመት በዘይት የተሠራ ምግብ አቀረበችልን፤ ረቡዕ ጾም መሆኑን እኔ ረስቼ እሷ አስታውሳለች። ስንበላ ጋሼ ከድር የነገውን ዕጣ ነገሩን። ከሀያት ጋር የምትገጥመው ኤልሻዳይ ናት። ያሸነፈችው ከአራቱ አንዷ ትሆናለች፣ የተሸነፈችው ወደ ቤቷ።  ራህመት ወደ እኔ ዞረች፤ «ምን ታስቢያለሽ እትዬ፣ ሁለቱም ልጆቻችን አይደሉ?» አለችኝ።

ሐሙስ። ሜዳው ሲሚንቶ ነው። እኛ ጋ ቀይ አፈር ነው፤ ኳስ ስታርፍ አፈሩ ላይ ምልክቷ ይቀራል፣ ክርክር ቢነሳ ዳኛው ወርዶ ያየዋል። ሲሚንቶ ላይ ምንም አይቀርም። ቀለም ባለመድረሱ መስመሮቹን ጠዋት በኖራ ነበር የቀቡት። የመቱ ሰው አጥሩን ከቦ «ጀባዱ ሀያት!» ይላል፤ በርቺ ማለት ነው። ለኤልሹ የምንጮኸው እኔና ጋሼ ደምሴ ብቻ ነን። እሳቸውም ሰርቭ ሲመታ አጨብጭበው ዳኛው ኦቦ ገመቹ «አባቴ፣ እባክዎ» ብለው በትሕትና ገሰጹዋቸው። ኦቦ ገመቹ ከመረቡ ጎን ወንበር ላይ ብቻቸውን ነበሩ፤ መስመሩን ልጆቹ ራሳቸው ይጠራሉ።

እኔ የተቀመጥኩት ከኤልሹ ጀርባ፣ ልክ ከኋለኛው መስመር ፊት ለፊት ነው። አንድ አንድ ዙር ተሸናነፉ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሀያት መራች። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ሜዳ ውስጥ ሌላ ሰው ናት፤ ኤልሹን ከዳር ዳር አሯሯጠቻት። በመጨረሻ ለማሸነፍ አንዲት ነጥብ ቀራት። 

ሀያት በረዥሙ መታች። ኤልሹ ለመድረስ ስትሮጥ አዳልጧት በጉልበቷ ወደቀች። ኳሷ እፊቴ መስመሩ ላይ አረፈች፤ ኖራው ቦነነ። በዓይኔ በብሌኑ አየሁት። ኤልሹ አላየችም፤ ፊቷ ወደ መሬት ነበር። ባላየች ጊዜ ኳሷ የሀያት ናት፤ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። ግን ኤልሹ ቀና ብላ ወደ እኔ ዞረች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የማውቃቸው ዓይኖች ናቸው። ጣቴ ወደ ላይ ወጣ። ወጥታለች የሚባለው በዚህ ምልክት ነው።

አሰብሽበት ወይ ብትሉኝ አላሰብኩበትም። ግን ጣቴን መልሼ ለማውረድ ጊዜ ነበረኝ፤ አላወረድኩትም።

«ውጪ!» አለች ኤልሹ። አጥሩ ተንጫጫ። ኦቦ ገመቹ ከወንበራቸው ሆነው ሀያትን «ትቃወሚያለሽ?» አሏት። ብትቃወም እሳቸው ይወስኑ ነበር፤ ሰዉም ከእሷ ጋር ነበር። ሀያት ኤልሹን አላየችም፤ እኔን አየችኝ። ረዥም ጊዜ አየችኝ።

«እትዬ ጥሩነሽ ፊት ለፊት ነው ያረፈው» አለች፣ ሁሉም እየሰማ። «እሳቸው ካሉ ወጥቷል።»

ከዚያ በኋላ እጇ ከዳት። ኤልሹ አሸነፈች። ሀያት መረቡ ላይ ጨበጠቻት፤ ከዚያ ዞራ መጥታ እኔንም ጋሼ ደምሴንም ጨበጠችን። ኤልሹ አቅፋኝ «እትዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ አልቆልኝ ነበር» አለች። እውነት ወጥታለች ብላ ነው የምታምነው። ጀርባዋን መታ መታ አደረግኋት።

የዚያን ቀን ራህመት ማንም ያሸንፍ ማን ዶሮ ይሠራል ብላ ወስና ነበር። እነሱ ሙስሊሞች፣ እኛ ክርስቲያኖች፤ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፤ ስለዚህ ዶሮውን ጎረቤት ያሉ ክርስቲያን ሰውዬ እንዲያርዱት፣ የሰውየው ሚስት በራሷ ድስት እንድትሠራው ተነጋግረዋል። ዶሮውን ታቅፋ ልታሳርድልን የሄደችው ሀያት ናት። ገና የሜዳ ጫማዋን አላወለቀችም። ከክፍሉ መስኮት ሆኜ ግቢውን አቋርጣ ስትሄድ አየኋትና አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ።

እራት ላይ ሁለት ጊዜ ጎርሼ እጄን ሰበሰብኩ። ጋሼ ከድር «ኳስ ነው፣ ይሸነፋል» ይላሉ፤ ለእኔ ሲሉ ነው የሚስቁት። ሆዴን ነው አልኩ። ራህመት ሮጣ ጤና አዳም አፍልታ አመጣችልኝ፤ ሀያት ትራስ ደረበችልኝ። እንዲያው ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ የውድድር ዕረፍት ነው። ጋሼ ከድር ጁምዓ ስላለባቸው ቀሩ፤ ራህመት «የኢሉባቦርን ማር ሳትቀምሱማ አትሄዱም» ብላ እኔን ወደ ኖፓ ይዛኝ ሄደች። እህቷ ዘይነባ እዚያ ትኖራለች። ሀያትም አብራን ነበረች፣ የእኔን ቦርሳ ይዛ። መንገዱ አቧራና ጉድጓድ ነው፤ የተጫንንባት ፒክአፕ ስታነጥረን ሀያት ጭንቅላቴ ብረቱን እንዳይመታው መዳፏን አደረገችልኝ። ኖፓ ትንሽ ናት፤ የሰፈራችንን ገበያ የምታህል ከተማ፤ ግን ሰው ሳይሰላምሽ አያልፍም። ዘይነባ የተቀቀለ ጎደሬና ማር አቀረበች። ለሀያት በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጠየቀቻት፤ ሀያት በአማርኛ መለሰች፤ እኔ እንዳልገለል መሆኑ ገብቶኛል። «ከእኔ የተሻለች ናት አክስቴ» አለች።

ከሰዓት እኔና ሀያት ወደ ምንጩ ስንወርድ ብቻችንን ሆንን። አሁን ልንገራት አልኩ።

«ሀያት»

«አቤት እትዬ»

 «መንገዱ ሩቅ ነው?» አልኳት።

«ደርሰናል» አለች።

ስንመለስ ዘይነባ ያንን የማር ዕቃ እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችው። እስከ መቱ ድረስ ጉልበቴ ላይ ነበር። ጋሼ ደምሴ ሲቀበሉኝ «ፊትሽ ምን ሆነ?» አሉኝ። መንገዱ ነው አልኩ። እሳቸውም መንገዱን ረገሙልኝ።

ቅዳሜ የአራቱ ጨዋታ ነው። ሜዳው በር ላይ እንደደረስን ኦቦ ገመቹ እየተጣደፉ መጡ። ከሐሙሱ ጫጫታ በኋላ ኮሚቴው የመስመር ዳኞች እንዲቀመጡ ወስኗል። ሰው አጥተዋል።

«አዴ ጥሩነሽ፣ አንዱን መስመር እርስዎ ይያዙልን» አሉኝ፤ አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው።

«እኔ? እኔ ቲፎዞ ነኝ እኮ።»

«ቲፎዞስ ቢሆኑ። ልጅቱ የራሷን ሽንፈት በእርስዎ ቃል ተቀብላለች። ሰዉም ያንን አይቷል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?»

ጋሼ ከድር አጠገባችን ነበሩ፤ ደስ አላቸው። «ይገባቸዋል» አሉ፣ ትከሻቸውን ቀና አድርገው። በእንግዳቸው ኮሩ። ወንበሩን የያዘ ሰው መስመሩ ጫፍ ላይ አስቀምጦ ይጠብቀኛል። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀልኝ። ሁለት ሦስት ርምጃ ሄጄ ቆምኩ።

«አልቀመጥም» አልኩ። «የሐሙሷ ኳስ አልወጣችም። መስመሩን ነክታለች። ኖራው ሲቦን አይቻለሁ። ዋሽቼ ነው።»

ቀስ ብዬ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰምቷል። ጋሼ ደምሴ «ኧረ አንቺ ሴት» አሉ። ኤልሹ ከውስጥ ራኬቷን ይዛ ቆማ ታየኛለች፤ ፊቷ ላይ ደም የለም። ኦቦ ገመቹ ግንባራቸውን አሻሹ። እኔ አሁን ያስተካክሉታል፣ ሀያት ትመለሳለች ብዬ ነበር። ቲፎዞ ነኝ ብዬ ሕጉን ሁሉ አውቃለሁ የምል ሴት፣ ይህችን ግን ልቤ ማወቅ አልፈለገም ነበር።

«ተጨባብጠዋል አዴ» አሉኝ በመጨረሻ። «ልጆቹ መረቡ ላይ ከተጨባበጡ ውጤቱ አይነካም። እኔም አልነካውም፣ ማንም አይነካውም።»

ወደ ጋሼ ከድር ዞርኩ። ትከሻቸው ወርዶ ነበር። አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ይስደቡኝ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ ይበሉኝ። ሰው ሁሉ እሳቸውን ነበር የሚያየው። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና አጠገባቸው ለነበረው ሰው፣ «ፀሐዩ በርትቷል፤ እትዬን ጥላ ስር አስቀምጧቸው» አሉ።

ጥላ ስር ተቀመጥኩ። ኤልሹ እያለቀሰች ተጫውታ ተሸነፈች። ከአራቱ አንዷ ስለሆነች ማሰልጠኛው ግን አይቀርባትም። ወደ እኔ አልመጣችም፤ ከአሰልጣኟ ጋር በክለቡ መኪና ወጣች።

ቤት ስመለስ ሀያት ሱቁ ጀርባ የሳሙና ካርቶን እየከፈተች ትደረድራለች። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። አጠገቧ ቆምኩ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ኖራው ሲቦን እኔም አይቻለሁ» አለች፣ እጇን ሳታቆም።

«አይተሽ ነው? ታዲያ ለምን አልተቃወምሽም?»

«አባዬ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። ቤታችን የሚያድሩ እንግዳ ዋሹ ብዬ በከተማው ሰው ፊት ልናገር? እሱ የት ይገባል?» አንድ ካርቶን ከፈተች፣ ሳሙናዎቹን አንድ በአንድ አወጣች። «ሁለት ቀን እንግዳዬ እንግዳዬ እያለ ሲኮራ ነበር። ዛሬ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ሱቅ ውስጥ ሰው ሲገባ ቀና አይልም።»

«እውነቱን ልናገር ብዬ ነው ልጄ። ላንቺ ብዬ።»

አሁን ቀና አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ እችለው ነበር።

«እኔ ለአባዬ ብዬ ዝም አልኩ» አለች። «ሐሙስ ቢናገሩ ለእኔ ነበር። ዛሬ ለማን ብለው ነው የተናገሩት እትዬ?»

 ደረቴ ቀሎኝ ነበር እኮ፤ ከሜዳው ስመለስ እፎይ ብዬ፣ እንዲያውም በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር የመጣሁት። ሸክሙን ከእኔ አውርጄ አባቷ ላይ ጭኜው ነው ለካ። ያን ማታም ራት ቀረበ፤ ጋሼ ከድር እኔንም ጋሼ ደምሴንም አጎረሱ። ስለ ኳስ ማንም አላነሳም።

እሁድ ማለዳ ጋሼ ከድር ቦርሳዬን ራሳቸው ይዘው እስከ መናኸሪያው ሸኙን። ቦታ አስይዘውልናል፣ ከፊት፣ ባሊስትራው ደህና መሆኑንም ጋሼ ደምሴ ጎንበስ ብለው አይተዋል። ራህመት የመንገድ ስንቅ አስራልናለች። ጋሼ ከድር መስኮቱ ስር ቆመው «ሌላ ጊዜ ስትመጡ ሌላ ቤት እንዳትሄዱ፤ እንቀየማለን» አሉ። ሰው ለእንግዳው የሚለውን ነው ያሉት፤ አንድም ቃል አላጎደሉም። ዓይናቸው ግን ጎማው ላይ ነበር። «እሺ» አልኩ። እኔም ሰው የሚለውን ነው ያልኩት።

አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ወጥቶ በሱቁ ፊት ያልፋል። ሱቁ ተከፍቷል። ሀያት በእናቷ ቦታ ከመደርደሪያው ኋላ ቆማ ለአንድ ሰው ስኳር ትመዝናለች። አውቶቡሱን ስታይ መመዘኛውን አስቀመጠች፣ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቃ ወደ በሩ ወጣች። እንግዳ ሲሄድ እንደሚደረገው፣ እስክናልፍ ድረስ እጇን አንስታ አወዛወዘች። ጋሼ ደምሴ መለሱላት። እኔ እጄን ማንሳት አቃተኝ።